ሲዲ የሌለው ዩዝድ ላፕቶፕ ልትገዙ ነው? ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዱ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ግቡና ያገለገለ ላፕቶፕ ጠይቁ። ልጁ ክዳኑን ይከፍታል፣ ስክሪኑን በእጅጌው ወልወል ያደርጋል። "ኮር አይ 5 ነው፣ ራሙ 8 ነው፣ ከውጭ የገባ ንጹህ ዕቃ፤ አብሽር!" ይላል። "የዊንዶውሱ ሲዲስ?" ብትሉት ይስቅባችኋል።

ሳቁ እውነት አለው። ላፕቶፕ ከነሲዲው መምጣት ካቆመ ቆይቷል። ብዙዎቹ ሲዲ ማስገቢያ እንኳ የላቸውም። ግን ሲዲው ሁለት ሥራ ነበረው። ማሽኑ ሲበላሽ እንደ አዲስ መጫኛ ነበር። የዊንዶውሱ ፈቃድ የገዢው መሆኑንም ከነማሸጊያው ያሳይ ነበር። ሲዲው ቢቀርም ሁለቱ ሥራዎች አልቀሩም። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱንም ከሌላ ቦታ ማግኘት አለባችሁ።

መጀመሪያ ግን እኔ እንዴት እንደተበላሁ ልንገራችሁ።

የእህቴ ልጅ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ካምፓስ ስትመደብ ላፕቶፕ የመግዛቱ ዕዳ እኔ ላይ ወደቀ። ያገኘሁት ማሽን ያምራል። ዊንዶውስ ተጭኖበታል፣ ዎርድ አለው፣ ፊልም ያጫውታል። ሲዲ የለውም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሰባት ወር ሠራ። ከዚያ ቫይረስ ገባበትና ፎርማት ላደርግላት ተቀመጥኩ። መጫኑ አለቀ፣ ዋይፋይ አገናኘሁ። ስክሪኑ ላይ የማላውቀው የውጭ አገር ድርጅት ስም ብቅ አለ። በመሥሪያ ቤትህ ኢሜይል ግባ ይለኛል። ልጅቷ ከኋላዬ ቆማ አነበበችና "ጋሼ፣ ሥራ ተቀጠሩ እንዴ?" አለችኝ።

ማሽኑ የአንድ ድርጅት ንብረት ነበር። ድርጅቱ ሲያስወግደው ከመዝገብ አልሰረዘውም፤ ወይም ደግሞ ተሰርቆ ነው። ቁልፉ ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ አይደለም። የማሽኑ መለያ ማይክሮሶፍት ዘንድ በዚያ ድርጅት ስም ተመዝግቧል። ስለዚህ ፎርማት አያጠፋውም። ሲዲ ቢኖረኝም አያድነኝም ነበር። ስገዛው ያልታየው ሻጩ ኢንተርኔት ሳያገናኝ ስለጫነው ነው። ያውቅ ነበር ወይ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ይዤው ብሄድ "ሰባት ወር ሠርቶልህ የለ እንዴ?" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ለዘመድም ለጎረቤትም ላፕቶፕ ሳጋዛ የምከተለው አካሄድ ይህ ነው።

1. ከቤት ሳትወጡ ሁለት ፍላሽ አዘጋጁ

እያንዳንዳቸው 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ ይሁኑ። ውስጣቸው ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ የሠርግ ፎቶ ያለበትን ፍላሽ አትጠቀሙ።

አንደኛው የዊንዶውስ መጫኛ ነው። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ "ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል" የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም በሌላ ኮምፒውተር ላይ አውርዱ። ክፈቱት፣ ፍላሹን ሰኩ፣ ፍላሽ የሚለውን ምረጡ፤ ሌላውን ራሱ ይጨርሰዋል። በነጻ ነው። የዊንዶውስ 11 ፋይል ከ5 ጊጋ ስለሚበልጥ የስልክ ፓኬጃችሁን ይጨርሰዋል። ዋይፋይ ያለው ወዳጅ ጋ ሂዱና ሌሊት ይውረድ።

ሁለተኛው ሊኑክስ ሚንት ነው፤ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር የሚያሠራ ሥርዓት ነው። እሱም ነጻ ነው፣ መጠኑም ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል። ፋይሉን አውርዳችሁ "ሩፉስ" በሚባል ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ትጭኑታላችሁ። ሊኑክስ በሕይወቴ አልጠቀምም የምትሉም ብትሆኑ ይህ ፍላሽ ያስፈልጋችኋል። ሚንት ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ብቻ ይነሳል። ሻጩ ከጫነው ዊንዶውስ ወጥታችሁ ዕቃውን ለብቻው የምታዩበት መስኮት ነው።

የጆሮ ማዳመጫ፣ የስልክ ዳታ ኬብልና የተወሰነ ኢንተርኔት ያለው ስልክም ያዙ። ሱቅ የምትሄዱት ጠዋት ይሁን። ፍተሻው ሁለት ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል፣ ሱቅ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ሁሉም ሰው ይቸኩላል። ከመካነ ሰላም ወይም ከወረኢሉ ለመጣ ሰው "ችግር ካለው ነገ መልሰው" ማለት ቀልድ ነው። የአውቶቡሱ ነገር ብቻ አንድ ቀን ይበላል።

2. "ኮር አይ 5" ሲሏችሁ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ጠይቁ

ኮር አይ 5 ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለውም አይ 5 ነው፣ በቅርብ ዓመታት የወጣውም አይ 5 ነው። ቁም ነገሩ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ላይ ነው። አይ5-6300 ካለ 6ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ነው። አይ5-8250 ካለ 8ኛ ነው። አይ5-1135 ካለ ደግሞ 11ኛ ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የሚቀበለው በጥቅሉ ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍልም ይፈልጋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ስለዚህ 6ኛ ጄኔሬሽን ላይ ዊንዶውስ 11 ተጭኖ ካያችሁ መስፈርቱን በዘዴ አልፈው የጫኑት ነው። ይሠራል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት አይደግፈውም፣ ወደፊት የሚመጣ ማሻሻያ እንቢ ቢል የምትከሱት የለም። እኔ እንዲህ ያለውን የምገዛው ሚንት ልጭንበት ካሰብኩና ዋጋው ከወረደ ብቻ ነው።

3. ባዮስ ውስጥ ግቡ

ባዮስ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈት የማሽኑ የራሱ መቆጣጠሪያ ነው። ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩ። ሲነሳ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ የሌኖቮ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ1 ደጋግማችሁ ተጫኑ።

የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁ ሻጩ ይክፈተው። "እሱን ማንም አይጠቀመውም" ካለ ላፕቶፑን አስቀምጡና ሌላ እዩ። የተቆለፈ ባዮስ አንድ ቀን ከፍላሽ እንዳትነሱ ይከለክላችኋል። ያኔ ሲዲም ፍላሽም ዋጋ የለውም።

ከገባችሁ የፕሮሰሰሩን ስም፣ የራሙን መጠንና መለያ ቁጥሩን እዩ። ዊንዶውስ ላይ የሚነበበውን የፕሮሰሰር ስም መቀየር ለሚያውቅበት ሰው ቀላል ነው፤ ባዮስ ላይ ያለውን ግን እንደዚያ በዋዛ አይነካውም። መለያ ቁጥሩ ከጀርባው ካለው ጽሑፍ ጋር አንድ መሆን አለበት። ዴል "ሰርቪስ ታግ" ይለዋል። እሱን በስልካችሁ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡ ማሽኑ መቼ እንደተሸጠና ሲወጣ ምን እንደነበረው ይነግራችኋል። "አንድ ዓመት ብቻ ነው የተሠራበት" የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል።

"ኮምፒውትሬስ" ወይም "አብሶሉት" የሚል መስመርም ፈልጉ። የጠፋ ማሽን መከታተያ ነው። ሥራ ላይ ነው ካለ የማን ንብረት እንደነበር አስቡ።

4. ከሚንት ፍላሹ አስነሱ

የባቲ ሰኞ ገበያ ላይ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል፣ ትከሻውን ይዳስሳል። እናንተም እንደዚያው።

ፍላሹን ሰክታችሁ አብሩ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 የመነሻ ዝርዝር ያመጣል። ፍላሹን ምረጡ። ሻጩ "ዊንዶውሱን ታጠፋብኛለህ" ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። "ጫን" የሚለውን ምልክት እስካልነካችሁ ድረስ ምንም እንደማይጠፋ ንገሩት።

ሚንት ሲነሳ ባዶ ገጽ ክፈቱና እያንዳንዱን የኪቦርድ ቁልፍ ተጫኑ። ስክሪኑን ነጭ አድርጋችሁ ጥቁር ነጥብ ፈልጉ፤ ጥቁር አድርጋችሁ ደግሞ ብርሃን የሚያፈስ ጥግ ፈልጉ። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉ፤ ስክሪኑ ብልጭ ካለ ኬብሉ ደክሟል። ዋይፋዩን ከስልካችሁ ሆትስፖት ጋር አገናኙ። ድምፅ፣ ካሜራ፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ፣ ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳዎች። ቀዳዳ ሰዎች ይንቁታል፤ እኔ ግን ሦስት ቀዳዳ ኖሮት አንድ ብቻ የሚሠራ አይቻለሁ።

ሚንት ላይ "ዲስክስ" የሚል ፕሮግራም አለ። የሃርድ ዲስኩን ወይም የኤስኤስዲውን (የማይሽከረከረውን ፈጣን ማከማቻ) ጤንነት ይነግራችኋል። ስንት ሰዓት እንደሠራም ብዙውን ጊዜ ይታያል። የሚሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ወደ ኤስኤስዲ የመቀየሪያውን ዋጋ ከድርድሩ ላይ ቀንሱ፤ ለፍጥነት እንደሱ ያለ ነገር የለም።

5. ባትሪው

ቻርጀሩን ንቀሉና ሃያ ደቂቃ ቪዲዮ አጫውቱ። 100 የነበረው 60 ከገባ ባትሪው አልቋል። እዚህ መብራት ሳይነገር ይሄዳል። የሞተ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ እየጫናችሁ መብራት ቢጠፋ ግማሽ ላይ ይቀራል። ባዮስ እያሻሻላችሁ ከሆነማ ዋናው ቦርድ (ማዘርቦርዱ) ራሱ ሊሞት ይችላል።

ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይኑር። ዴል ላይ ሲነሳ ቻርጀሩን አላወቅሁትም የሚል ማስጠንቀቂያ ካመጣ ወይ ቻርጀሩ ኦሪጅናል አይደለም፣ ወይ መሰኪያው ተጎድቷል።

6. ፈቃዱን መርምሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሰው ሲዲ ሲል በልቡ የሚፈልገው ይህንን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ከወጣ ወዲህ አምራቾች የፈቃዱን ቁልፍ ቦርዱ ውስጥ ይጽፉታል። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ዊንዶውስ ከነበረው ቁልፉ አብሮት ይኖራል። ሃርድ ዲስክ ብትቀይሩ፣ አሥር ጊዜ ፎርማት ብታደርጉ አይጠፋም። የሚጠፋው ቦርዱ ከተቀየረ ነው። ስለዚህ ቦርዱ ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ በፊት የነበሩት የዊንዶውስ 7 ማሽኖች ከሥራቸው 25 ፊደልና ቁጥር ያለው ወረቀት ይለጠፍባቸው ነበር። እሱ ወረቀት ዛሬ ጌጥ ነው፤ የዊንዶውስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆሟል። በማይክሮሶፍት ፈቃድ የሚያድሱ ድርጅቶችም የራሳቸውን የፈቃድ ወረቀት ይለጥፋሉ፤ ያንን ካያችሁ መልካም ምልክት ነው።

ወደ ሻጩ ዊንዶውስ ተመለሱ። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ከዚያ አክቲቬሽን ግቡ። ዊንዶውስ 10 ከሆነ አክቲቬሽን ያለው አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለው ውስጥ ነው። እዚህ የተጻፈውን በደንብ አንብቡት። "በዲጂታል ላይሰንስ ነቅቷል" የሚል ትርጉም ያለው ከሆነ ጥሩ ነው። "በድርጅትዎ የማንቂያ አገልግሎት ነቅቷል" የሚል ከሆነ ግን ቁሙ። እናንተ ድርጅት የላችሁም። ይህ ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የተሠራ አሠራር ነው። በየጊዜው ካልታደሰ በ180 ቀን ያበቃል። ክራክ አድራጊዎችም፣ ማለትም ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ የሚያነቁት፣ የሚጠቀሙት ይህንኑ መንገድ ነው። ክራክ ማድረጊያው ፕሮግራም ደግሞ አንቲቫይረሱን አጥፉልኝ ብሎ ነው የሚገባው። ምን ይዞ እንደገባ ማን ያውቃል?

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እንዲህ ነው። ቦርዱ ላይ ያለው የ"ሆም"፣ የቤት መጠቀሚያው ዊንዶውስ፣ ፈቃድ ነው። የጫነው ልጅ ግን እጁ ላይ ያለውን "ፕሮ" ጭኖ ክራክ አድርጎታል። ሕጋዊ ቁልፍ እያለ! በራሳችሁ ፍላሽ እንደ አዲስ ብትጭኑት ቦርዱን አንብቦ ራሱ ሆምን ይመርጣል፣ ቁልፍ ሳይጠይቅ ይጭናል፣ ኢንተርኔት ሲያገኝም ይነቃል። ለተማሪና ለቢሮ ሥራ ሆም ከበቂ በላይ ነው።

7. ኢንተርኔት አገናኝታችሁ እዚያው ፎርማት አስደርጉ

እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው። ሻጩን እንዲህ በሉት፦ "ቀብድ እከፍልሃለሁ፣ አሁን እዚሁ በኔ ፍላሽ እንጫነው፣ ንጹህ ከሆነ ቀሪውን እጨምርልሃለሁ።" ኤስኤስዲ ካለው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ሻይ ጠጡ።

መጫኑ አልቆ አገርና ቋንቋ ሲጠይቅ የግድ ኢንተርኔት አገናኙ። ዋይፋዩን ካላወቀው የሚያሠራው ትንሽ ፕሮግራም፣ ማለትም ድራይቨሩ፣ ስለሌለ ነው። ስልካችሁን በዳታ ኬብል ሰኩና የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ "ዩኤስቢ ቴዘሪንግ" የሚለውን አብሩ። ላፕቶፑ ስልኩን እንደ ኢንተርኔት መስመር ያየዋል። ይህች ዘዴ ስንት ሰው ከጥገና ቤት እንዳስቀረች!

ኢንተርኔት ካገኘ በኋላ የግል አካውንት ከጠየቀ ማሽኑ ከድርጅት ቁልፍ ነጻ ነው። የድርጅት ስም አውጥቶ የሠራተኛ ኢሜይል ከጠየቀ ቀብዳችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። "እሱን የሚያልፍልህ ልጅ አለ" ቢሏችሁም ውጡ። ነገ ፎርማት ስታደርጉት ይመለሳል፣ የተሰረቀ ዕቃ ከሆነም የሚገኘው እናንተ እጅ ላይ ነው።

ሻጩ ጭራሽ ፎርማት አይደረግም ካለ ምክንያቱን አትጠይቁት። አመስግናችሁ ወደ ቀጣዩ ሱቅ።

8. ደረሰኝ

ደረሰኙ ላይ ሞዴሉና መለያ ቁጥሩ ይጻፍ። "ላፕቶፕ 1" ብቻ የሚል ወረቀት ለክርክር አይሆንም። የመሞከሪያው ቀን ስንት እንደሆነ፣ ከድርጅት ቁልፍ ነጻ መሆኑም ይጨመርበት። በባንክ ወይም በቴሌብር መክፈል ማስረጃ ያስቀራል።

9. ቤት ስትገቡ የራሳችሁን "ሲዲ" ሥሩ

መጀመሪያ የዊንዶውስ አፕዴት ይጨርስ፤ የጎደሉትን ድራይቨሮች አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያመጣል። የቀረ ካለ በመለያ ቁጥሩ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ።

ቀጥሎ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚቀመጥ 16 ወይም 32 ጊጋ ፍላሽ ግዙ። ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ለብዙ ሞዴሎቻቸው በመለያ ቁጥር የሚወርድ የፋብሪካ መመለሻ በነጻ ይሰጣሉ። ማሽኑ ሲወጣ የነበረውን ዊንዶውስ ከነድራይቨሩ ማለት ነው። ለማሽናችሁ ካልተገኘ ዊንዶውስ ውስጥ "ሪከቨሪ ድራይቭ" ብላችሁ ፈልጉና በእሱ ሥሩ። ዊንዶውሱ በደህና ጊዜ ነው ይህንን መሥራት፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

አማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ቋንቋ መጨመሪያው ውስጥ አማርኛን ምረጡ። አሮጌ ደብዳቤ ሲከፈት "ኒያላ" ፎንት የለም ካለ አማራጭ ፊቸሮች ውስጥ የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶች የሚለውን ጫኑ። ቀበሌና ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ግን ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሳትይዙ ፎርማት እንዳታደርጉ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ያለ እነሱ ሲከፈት የዶሮ ጭረት ይመስላል። መጫኛውን እዚያው ፍላሽ ላይ ባይሆንም ሌላ ቦታ ቅዱት፤ የመመለሻ ፍላሽ ሲሠራ ሌላውን ያጠፋልና።

ፍላሹን ፖስታ ውስጥ ከደረሰኙ ጋር አሽጉት። የእህቴ ልጅ ያን ማሽን ብር ጨምረን ካስቀየርነው በኋላ አንድ ሠርቼላታለሁ። ፖስታው ላይ በትልቁ "ሲዲ" ብላ ጽፋበታለች።